አናፖሊስ የተናገርኩት፣ እሁድ የዋጥኩት

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስታደርሰኝ ከመሬት በታች ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ወረድን። መስኮቷን ከፍታ ከማሽኑ ቲኬት ስትስብ የእርጥብ ሲሚንቶ፣ የተቃጠለ ነዳጅና የጎማ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ገባ። ፊቴ ተለዋውጦ ኖሮ ልጄ ዞር ብላ “ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?” አለችኝ። “ደህና ነኝ፤ መስኮቱን ዝጊው” አልኳት። ያ ማሽን በቆመበት ቦታ በእኛ ጊዜ የመስታወት ጎጆ ነበረች፤ ሰዉ “ቡዝ” ነው የሚላት። ውስጧ ሰው ይቀመጥ ነበር። ያ ሰው ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን ቤቴስዳ ወይም ዋሽንግተን ዲሲ መሐል፣ አብዛኛውን ጊዜ የእኛው ሰው ነበር። ቲኬቱን ከመስጠቱ በፊት ፊትህን አጥንቶ “ሐበሻ ነህ እንዴ?” ይልሃል፤ ነኝ ካልከው አገርህን፣ ሰፈርህን፣ የተማርክበትን ትምህርት ቤት ሁሉ ይጠይቅሃል፤ ከኋላህ የተሰለፈው ፈረንጅ ጥሩምባውን ሲነፋ እሱ ገና የአጎትህን ስም እያጣራ ነው።

ወደዚያ የሄድኩት ተጋብዤ ነው። ወጣት ተመራማሪዎች ሰብሰብ ብለው፣ ምሁር ከሕግ አውጪ ጋር እንዴት መነጋገር እንዳለበት እንዳስረዳቸው ለመኑኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚለምነኝ ሰው ስላነሰ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። በዚህ ጉዳይ አዋቂ ተብዬ የምጠራው በዕድሜዬ አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ደቂቃ ተናግሬ አንድ ሕግ ስላለፈ ነው። ያችን ሦስት ደቂቃ እየመነዘርኩ ስኖርባት ከረምኩ። ለልጆቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። ሕግ አውጪ አርባ ገጽ አያነብም፤ አንድ ገጽ ስጡት አልኳቸው። የማታውቁትን ከመዘርዘራችሁ በፊት የምታውቁትን ተናገሩ አልኳቸው። ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ አልኩና የአንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ ታሪክ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ጻፉ፣ አጨበጨቡ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች ሹሩባ የተሠራች ልጅ እጇን አነሣችና “ያ የነገሩን ሰውዬ፣ ሕጉ ካለፈ በኋላ ምን ሆነ?” አለችኝ። “ደህና ነው” አልኳት። “በጣም ደህና ነው።” ሰውየውን ካየሁት ወደ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሰባን ያለፈ ሽማግሌ፣ ነጭ ፀጉሩን ይዞ፣ በማይክራፎን ዋሸ። ለዚያች ልጅ መናገር የነበረብኝን ነው አሁን የምጽፈው።

ጊዜው ሲልቨር ስፕሪንግ ፈርሳ እንደ አዲስ የምትሠራበት ነበር። ጆርጂያ አቬኑና ኮልስቪል ሮድ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ክሬን ቆሞ ይውላል፤ ከተማው መሐል ደግሞ ባዶ ቦታ ላይ ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፈው ነበርና ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ እዚያ ላይ ይጋደማል። እኛ መጀመሪያ “ፕላስቲክ ላይ መተኛት ምን የሚሉት እብደት ነው?” ብለን ሳቅን፤ በሁለተኛው ሳምንት ልጆቻችንን ይዘን ተጋድመን ተገኘን። ፌንተን ስትሪት ላይ በየሱቁ መስኮት የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ተደርድሮ ነበር። ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀህ ታወጣለህ፣ ሴትዮዋ በሚያምር ድምፅ “አርባ ደቂቃ አለዎት” ትልሃለች፣ አሥራ አምስት ሳይሞላ እናትህ ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ ይቋረጣል። ስልክ ታጣፊ ነበር፤ ወንዱ ሁሉ ቀበቶው ላይ ሰክቶት እንደ ሸሪፍ ይንጎራደዳል። ልብስ ሰፊ ነበር፤ የእኔ ኮት ትከሻው ከእኔ ቀድሞ በር ይገባ ነበር። እሁድ ጠዋት የአማርኛ ሬዲዮ ይተላለፍ ስለነበር፣ በየመኪናው ውስጥ አንድ ዓይነት ድምፅ፣ አንድ ዓይነት የድሮ ዘፈን ትሰማለህ። ዛሬ ሰው ሁሉ በየኪሱ የራሱን ሬዲዮ ይዞ ይዞራል፤ ያኔ ግን አንድ ሰው በዚያ ሬዲዮ ከተጠራ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ጀርመንታውን ያልሰማ አይኖርም ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

እኔ ያኔ ሰው በሥራ ቦታው የሚተነፍሰውን አየር ነበር የማጠናው። ዘመዶቼ “ለዚህ ይከፍሉሃል?” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ስለ ፓርኪንግ ሠራተኞች ለማጥናት ያሰብኩት ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። በየቡዙ ሰላምታ ስሰጥ ሁሉም “እንዴት ነህ?” ስለው “ደህና፣ ይቺ ራሴን ብቻ” ይለኛል። አንዱ ቢለኝ ጉንፋን ነው፤ ሁሉም ሲለኝ ግን ጠረጠርኩ። ከዩኒቨርሲቲው የክብሪት ቀፎ የምታክል መለኪያ አገኘሁ፤ ኮሌታ ላይ ትሰካለች፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰውን የመኪና ጭስ ትመዘግባለች። ከዚያ በፊት ግን የዩኒቨርሲቲው ደንብ ስለሚያስገድድ የስምምነት ወረቀት ተዘጋጀ። ወደ አማርኛ የመለስኩት ራሴ ነኝ። “ስምዎና ማንነትዎ በምስጢር ይጠበቃል” ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው አፍ አውጥቼ አነበብኩለት፤ ከሥሩም ፈረምኩ። ቢሆንም ሰው ፈራ። “ማናጀሩ ኮል አድርጎ ምን ሰጠኸው ቢለኝስ?” የማይል አልነበረም። መንገዱን የከፈቱልኝ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። መጀመሪያ የፈረሙት እሳቸው፣ ሌላውንም “ፈርም፣ ይህ የተማረ ልጅ ነው” ብለው ያስፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ መኩሪያ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። እዚህ ከጆርጂያ አቬኑ ፈቀቅ ብሎ ባለ ፎቅ ሥር፣ ከሁለተኛው ምድር ቤት መውጫ ላይ ያለችው ቡዝ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ኩባንያው የሚያለብሳቸውን የወይን ጠጅ ቀለም ጃኬት ተኩሰው ይለብሱታል፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶች አይጠፉም። የሚወጣ መኪና ሳይኖር በተጣለ ቲኬት ጀርባ ላይ ሦስት ማዕዘን እየሣሉ የሒሳብ ጥያቄ ይፈታሉ። እሳቸውን መጀመሪያ የማውቃቸው ግን ከቤተ ክርስቲያን ነው። ባለቤቴ አልማዝ ጴንጤ ናት፤ እኔ በእሷ በኩል ነው ጌታ ያገኘኝ፤ እስካሁንም በደንብ አላገኘኝም ትላለች። ጉባኤያችን ከፈረንጆች በተከራየው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ነበር የሚሰበሰበው። ጋሽ መኩሪያ የቤተ ክርስቲያኑን ነጭ ቫን ይነዳሉ። እሁድ በጠዋት ተነሥተው ከጀርመንታውን ይጀምሩና በአስፐን ሂል፣ በዊተን እያደረጉ ወላጆቻቸው ሥራ የሚውሉባቸውን ልጆች ይሰበስባሉ። ቤት ውስጥ እናቱ በአማርኛ ስትጠራው “ዋት?” የሚል ልጅ ሁሉ፣ እሳቸው በመስታወቱ አይተው “ስድስት ጊዜ ሰባት?” ሲሉት “አርባ ሁለት!” እያለ በአማርኛ ይጮኻል። አንድ ጊዜ እንዲህ አሉኝ፦ “ሳምንቱን ሙሉ ሌላው ሲነዳ አያለሁ። እሁድ ግን መሪው በእኔ እጅ ነው። ሰው የምሆነው እሁድ ነው፣ ዶክተር።”

ለጥናቱ ስጠይቃቸው ለሰው ያልነገሩትን ነገሩኝ። ክረምት በረዶ ሲሆን መስታወቱን ይዘጉታል፤ ማታ ሥራ ሲለቀቅ መኪናው ሁሉ ሞተሩን አስነሥቶ መውጫው ላይ ይሰለፋል፤ ያን ጊዜ ሁለት ቀን ራሳቸውን ስተዋል። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ለአፍታ። “ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም” አሉኝ። “ላንተ የምነግርህ ስለፈረምክ ነው።” ከዚያ “አንድ ነገር ልለምንህ። ይቺን ዕቃ እሁድም ልልበሳት። ልጆች ነው የምጭነው። እንጃ፣ ቫኑም ውስጥ እንደዚያ ቢያደርገኝስ?” አሉ። ይህ በእኔ ጥናት ውስጥ አልነበረም፤ ያሰቡት እሳቸው ናቸው። አራት እሁድ መለኪያዋን ሰክተው ነዱ። የልኬቱን ወረቀት ይዤላቸው ሄድኩ። “ንጹሕ ነው፣ ጋሽ መኩሪያ። ከቡዙ ከወጡ በኋላ እንደ እኔና እንደማንም ሰው ነዎት። የሚያዞርዎ ቡዙ ነው፤ እርስዎ አይደሉም” አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጌታን አመሰገኑ፤ እኔንም ጉንጬን ሳሙኝ።

አንዲት የሜሪላንድ ምክር ቤት ተወካይ የጥናቱን ወሬ ሰምታ ረቂቅ ሕግ አዘጋጀች። በየቡዙ አየር ማጣሪያና የማስጠንቀቂያ ደወል ይግባ የሚል ነው። እኔም እንድመሰክር ምክር ቤቱ ወዳለባት ወደ አናፖሊስ ተጠራሁ። አናፖሊስ መንገዷ ሁሉ ቀይ ሸክላ የሆነ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ያን ሰፊ ኮቴን እንደ ሸራ ነፋው። አርባ ገጽ ይዤ ገባሁ። የሚናገር ሰው ፊት ትንሽ መብራት አለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ሦስት ደቂቃ ናት። እኔ ማን ነኝ! ስለ መለኪያዋ አሠራር ጀመርኩ። ሰዎቹን እንዴት እንደመረጥኩ፣ የጥናቱ ድክመት ምን ምን እንደሆነ በትሕትና ዘረዘርኩ። አንዱ ተወካይ ደብዳቤ ይፈርማል፣ ሌላው ስልኩን ያያል። ቀዩ ሲበራ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበርኩ። ሰብሳቢው አዝኖልኝ መሰለኝ “ባጭሩ፣ ይጎዳቸዋል ወይስ አይጎዳቸውም?” አለኝ። “አሁን በእርግጠኝነት ለመናገር ጊዜው ገና ነው፤ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል” አልኩት። ምሁር እንዲህ ካላለ ምሁር አይመስለውም። ረቂቁ እዚያው ኮሚቴው ውስጥ ቀረ፤ በዚያ ክረምትም መስታወታቸው እንደተዘጋ ሰዎቻችን ራሳቸውን ይዘው ከረሙ።

በሚቀጥለው ዓመት የተወካይዋ ረዳት፣ ኬቲ የምትባል ቀጭን ልጅ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥታ አገኘችኝ። አንድ ሳንድዊች ቤት ተቀምጠን ሪፖርቴን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ሁሉንም አንብባዋለች፤ ያነበበችው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። “ዶክተር፣ ግራፎቹ ያምራሉ። ሰውስ የታለ?” አለችኝ።

“ስም መናገር አልችልም፤ ፈርሜያለሁ።”

“ስም ማን ጠየቀዎት? ስለ አንድ ሰው ይንገሩኝ።”

ነገርኳት። እርሳሷን አስቀመጠች። “ይህን ይናገሩ” አለች። “ይህን ብቻ።”

ተናገርኩ። በሁለተኛው ዓመት፣ ልኬን የሚያህል አዲስ ሱፍ ለብሼ፣ አንድ ገጽ ይዤ። “አንድ ሰው አውቃለሁ” ብዬ ጀመርኩ። “አገሩ ሒሳብ ያስተምር ነበር። አሁን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በቲኬት ጀርባ ሦስት ማዕዘን ይሥላል። ያ ሣጥን ሁለት ጊዜ ራሱን አስቶታል። ይህ ሰው እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑን ልጆች በቫን ይጭናል።” እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ኬቲ ቆም ይበሉ ብላኝ ነበር። ደብዳቤ የሚፈርመው ተወካይ ብዕሩን አስቀመጠ፤ አንዲት ሴትዮ መነጽሯን አወለቀች። መብራቷ ቢጫ ሳትሆን ጨረስኩ። በዚያ ጸደይ ሕጉ አለፈ። እኔም ወደ ቤቴ ስመለስ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ዘፈንኩ።

አሁን ሳስበው የማፍርበትን ልናገር። ስማቸውን ደብቄያለሁ፤ ደንቡ የሚለውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ለፈረንጆቹ ያ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። ለእኛ ሰው ግን ሒሳብ አስተማሪ፣ ፓርኪንግ፣ የቤተ ክርስቲያን ቫን ካልኩ ፎቶግራፋቸውን ከመለጠፍ አይተናነስም። በእኛ መካከል ስም እኮ የሰው ትንሹ ምልክት ነው፤ የስንቱን ሰው ስም ሳናውቅ ታሪኩን አብጠርጥረን እናውቃለን። ይህን አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። ለምን አስቀድሜ አላስፈቀድኳቸውም? እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያልተናገርኩት ነው። የአራቱ እሁድ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቫኑ ውስጥ ደህና ናቸው ብል ታሪኩ ይላላብኝ ነበር። ልጆቹን የጨመርኳቸው ለማስደንገጥ ነው፤ ደነገጡልኝም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሕጉ ባለፈ በሁለተኛው እሁድ ጠዋት የአማርኛው ሬዲዮ “ወገናችን በምክር ቤት” ብሎ የተናገርኩትን ከነቃሉ ተርጉሞ አሰማ። አልማዝ ወጥ እያማሰለች ነበር። ማማሰያውን ይዛ ወደ ሳሎን መጣችና “ጋሽ መኩሪያን ነው?” አለችኝ። የሬዲዮውን ድምፅ ቀነስኩት። ሬዲዮው ሳያበቃ ስልኳ ጮኸ፤ አንዲት እናት ናት፤ ሁለት ልጆቿ ቫኑ ውስጥ ናቸው። ከዚያ ሌላዋ ደወለች። ኋላ እንደሰማሁት ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው ልጆቹን ጭነው ሬዲዮውን ከፍተው ነበር። አማርኛው የሚገባው አንድ ትልቁ ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ “ጋሼ፣ ዛት ኢዝ ዩ!” ብሎ አጨበጨበላቸው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ከወትሮው ቀደም ብሎ ሞላ። በሩ ላይ ሰው እጄን እየያዘ “ጌታ ይባርክህ፣ አኮራኸን” ይለኛል። ዝማሬው እንዳበቃ ዋናው ሽማግሌ ወደ መድረኩ ወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ከማውቃቸው ሁሉ ደግ ናቸው፤ ለዚህም ነው ነገሩ የከበደው። “ወንድማችን ጋሽ መኩሪያ በሥራ ቦታቸው ጤናቸው ታውኮ ኖሯል፤ እኛ ሳናውቅ ለብቻቸው ተሸክመውታል” አሉ። “ወደ ፊት ይምጡልንና እንጸልይላቸው። ቫኑንም ለጊዜው ወጣቶቹ ይይዙታል፤ እሳቸው ትንሽ ይረፉ።” ጋሽ መኩሪያ ተነሥተው ወደ ፊት ሄዱ። ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰዋል። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖሩት፤ ሽማግሌዎቹም ከበቧቸውና እጃቸውን ጫኑባቸው። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች አንገታቸውን እያሰገጉ ያያሉ።

አልማዝ በክርኗ ጎሰመችኝ። “ተነሥተህ ንገራቸው እንጂ። ቫኑ ውስጥ ደህና ናቸው አላልከኝም?”

“አልችልም። የጥናቱ ደንብ አይፈቅድልኝም።”

“የምን ደንብ? ሬዲዮ ላይ አውርተህ?”

“ስማቸውን አልጠራሁም። አሁን ከተናገርኩ እሳቸው መሆናቸውን ማረጋገጤ ነው።”

አልማዝ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስታብኝ አታውቅም። የጎደለኝ ነገር አልነበረም፤ ወረቀቱ ነበረኝ፣ አማርኛው ነበረኝ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የማያምነኝ ሰው አልነበረም። አናፖሊስ ለማያውቁኝ ሰዎች የተናገርኩ ሰውዬ፣ ለእኔ ሰዎች፣ በቋንቋዬ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አቃተኝ። ደንቡን ለመስበር ስፈልግ በታሪክ አሳብቤ ሰበርኩት፤ ዝም ለማለት ስፈልግ ደግሞ እሱኑ ደንብ ተከናነብኩት። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ሌላ ነው። ተነሥቼ “ቫኑ ውስጥ ደህና ናቸው” ብል፣ “ታዲያ ለምን በምክር ቤቱ ልጆቹን አነሣህ?” የሚል አይጠፋም ነበር። በሩ ላይ የተጨበጥኩት እጅ ገና ሙቀቱ አልለቀቀኝም ነበር።

ከጸሎቱ በኋላ ሰላም ልላቸው ሄድኩ። “እንዴት ነዎት፣ ዶክተር?” አሉኝ። እስከዚያ ቀን አንተ ነበር የሚሉኝ። አልተቆጡም፣ አልወቀሱኝም። ጥቂት እሁዶች በሰው መኪና እየመጡ ከኋላ ተቀመጡ፤ ልጆቹ ከቫኑ ሲወርዱ እያዩ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ “ስድስት ጊዜ ሰባት?” ብለው የሚጠይቁት የለም። ከዚያ ቀሩ። አሌክሳንድሪያ ያለችው ልጃቸው ጋ ተጠቃለው ሄዱ ተባለ። እኔም ለሽማግሌዎቹ በጽሑፍ አስረዳለሁ ብዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ግሩም ገጽ ነበረች፤ አጭር፣ ግልጽ፣ ሰው የሚገባት። በሚቀጥለው እሁድ እሰጣለሁ ስል፣ ነገሩ ይብረድ ስል፣ ጉባኤው የራሱን ሕንፃ ገዝቶ ተዛወረ፣ ቫኑም አርጅቶ ተሸጠ። በየቡዙ አየር ማጣሪያው ገባ፤ ደወሉም ተሰቀለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ማሽን መጣና ቡዞቹን እየነቀሉ ጣሏቸው። ገጿ ግን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለች።

ያች ሹሩባ ያላት ልጅ ከጠየቀችኝ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። አልማዝ ከየት እንዳመጣችው ሳትነግረኝ ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ደወልኩ። “ዶክተር!” አሉ፤ ድምፃቸው ሻከር ብሏል እንጂ አልተለወጠም። ከሰባ ወዲህ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት አውራ ጎዳና ላይ ስለማልነዳ በባቡር እንደምመጣ ነገርኳቸው። “ኪንግ ስትሪት ይውረዱ፤ መጥቼ እወስድዎታለሁ” አሉኝ። ስወርድ የልጃቸውን መኪና ይዘው እየጠበቁኝ ነበር። ፀጉራቸው አልቋል፤ ሱፋቸው አሁንም ተተኩሷል። ትከሻዬን ሦስት ጊዜ ሳሙኝና በሩን ከፈቱልኝ። መስታወቱን አስተካከሉ፣ ቀበቶዬን መታጠቄን አዩ፣ ግራ ቀኙን ዞረው አይተው ወጡ። ዱክ ስትሪት ላይ ስንገባ ያዘጋጀሁትን ንግግር ረሳሁትና ዝም ብዬ ጀመርኩት።

“ጋሽ መኩሪያ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ያኔ አናፖሊስ፣ የእርስዎን ነገር ሳላስፈቅድ ተናገርኩት።”

“እሱን?” አሉ። ትንሽ ሳቅ አሉ። “እሱንስ ደግ አደረግክ። ከእኔ በኋላ የገቡት ልጆች ራሳቸውን ሳይዙ ሠሩ። ጠይቀኸኝ ቢሆን አብሬህ እሄድ ነበር። እንግሊዝኛ እኮ እችላለሁ፤ አስተማሪ ነበርኩ።”

ይዣቸው መሄዱ ይቅርና ሐሳቡም አልመጣልኝም ነበር። ከፊታችን መብራት ቀይ ሆነና ቆሙ፤ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው፣ አይንቀጠቀጥም።

“እኔ የጠበቅሁህ እሁድ ነው” አሉኝ፣ መንገዱን እያዩ። “እኔ ልናገር ብል ‘ቁልፉን ላለመልቀቅ ነው’ ይሉኝ ነበር። አንተ ግን ወረቀቱ ነበረህ። አራት እሁድ ለክተህ ንጹሕ ነው ብለኸኛል። እነዚያ ልጆች እስከ ዛሬ በሽተኛ ሰው ይነዳን ነበር ብለው ነው የሚያስቡት።”

“አዎ” አልኩ።

“ሽማግሌዎቹ ሲጸልዩልኝ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እኔ አልጨፈንኩም። አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል እያልኩ አንተን ነበር የማይህ።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ቀስ ብለው ነዱ። እኔ እንደዚያ እሁድ አጥብቄ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም።